ስለ ገራዶ ባና ቀይ ቀለም

እናታችን በደሴ ከተማ ይኖራሉ፤ ዕድሜአቸውም ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። ባለፈው ክረምት የጦሳ ብርድ በጸናባቸው ጊዜ፥ ከፋብሪካ የተገዛ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበንላቸው ሳለ፥ «ይህስ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም፤ የእኔን ባና ብታገኙልኝ» ሲሉ ለመኑን። ያ ባና በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ ለእህል የተሸጠ ነውና ከወዴት እናገኘዋለን? እኛ በዚያ ዘመን ገና ፊደል የምንቆጥር ሕፃን ነበርን፤ ነገር ግን ባናው ተጠቅልሎ በነጋዴው አህያ ላይ ሲጫን ቆመን ማየታችንን አንዘነጋውም። መልኩ ነጭ፥ ዳርና ዳሩ ጥቁር ሲሆን በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ቀይ መስመር ነበረበት። ስለዚህ የተሸጠው ባይገኝ አምሳያውን ለማሠራት ቆርጠን ወደ ገራዶ ሄድን። ይህንንም ለክቡራን አንባብያን የምንጽፈው የቤታችንን ጉዳይ ለማውራት ብቻ አይደለም፤ አንድ ባና ለማሠራት ስንደክም ያየነው ነገር የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ነው እንጂ።

ገራዶ ከደሴ በስተ ምዕራብ፥ ከጦሳ ተራራ ማዶ ያለ ለም ሸለቆ ነው። ከዚያ በላይ ወደ ደጋው ሲወጡ ብርዱ እየበረታ በጉም እየበዛ ይሄዳል። ወሎና መንዝ ከጥንት ጀምሮ በበግ ጠጉር ሥራ የታወቁ አገሮች ናቸው፤ ቆለኛው ጥጡን አስፈትሎ ጋቢና ኩታ ሲለብስ፥ ደገኛው ባናና ዝተት፥ በርኖስም እያሠራ ብርዱን ይከላከላል። በጉ ከተሸለተ በኋላ ጠጉሩ ይታጠባል፤ ይነደፋል፤ ሴቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም ድርና ማግ አድርጎ ይሠራዋል። ከሁሉ የሚደንቀው አብዛኛው ባና ቀለም ያልተነከረ መሆኑ ነው፤ ነጩ ከነጭ በግ፥ ጥቁሩ ከጥቁር በግ፥ ቡናማውም ከቡናማ በግ ይመጣልና ውሃ አያስለቅቀውም።

ያነጋገርናቸው ሸማኔ የሸመገሉ ሰው ናቸው። የፈለግነውን ከነገርናቸው በኋላ ጥቂት አሰብ አድርገው፥ «ነጩና ጥቁሩ ከበጉ ጀርባ ነው፤ አይቸግረኝም። ቀዩን ግን እኔ አላውቅም፤ ከገበያ ዱቄቱን ገዝታችሁ አምጡልኝ» አሉን።

እኛ ግን ከዱቄቱ ጋር ጥል አለን። አምና የልጃችን መልስ በተደረገ ጊዜ ቀይ ጥለት ያለበት የሀገር ልብስ አሠርተንላት ነበር፤ አንድ ቀን ቢታጠብ ጥለቱ ለቆ ነጩን ሁሉ ጽጌረዳ አስመሰለው፤ ልጅቱም ሁለት ቀን አለቀሰች። ኋላ እንደ ተረዳነው ጥፋቱ የዱቄቱ ብቻ አይደለም፤ ለበግ ጠጉርና ለሐር የተሠራው የቀለም ዓይነት በጥጥ ላይ ሲነከር አይያዝም፤ በችርቻሮ የሚገዛው ሰው ደግሞ የትኛው ለየትኛው እንደ ሆነ የሚነግረው አያገኝም።

በዚያው በገራዶ የእናታችን ታናሽ እኅት አሉና ወደ እርሳቸው ቤት ገባን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ፥ «አንቱ እትዬ፥ የድሮው ባና ቀዩ በምን ይነከር ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «በመቅመቆ ነዋ ልጄ፤ ቅቤ በምናነጥርበት በመቅመቆው» አሉን። «እንዴት ተደርጎ?» ብንላቸው ግን ዝም አሉ፤ ቀጥለውም፥ «እናቴ ስታደርገው አይቻለሁ፤ እኔ አድርጌው አላውቅም። ያን ጊዜ ዱቄቱ መጥቶ ነበርና ማን ይደክማል?» አሉን።

መቅመቆ ሥሩ ቢጫና ቀላ ያለ፥ ለቅቤና ለመድኃኒት የሚፈለግ፥ በደጋና በወይናደጋ የሚበቅል ተክል ነው። አንባቢ በቤቱ ሳያየው አይቀርም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልብ ብለን ብንመለከት፥ የሀገራችን የቀለም ዕውቀት በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የማይገኝ፥ በየጓዳው የተበተነ ሆኖ አገኘነው። ሸማኔው የማያውቀውን ቅቤ አንጣሪዋ ታውቀዋለች፤ እርስዋ የማታውቀውን ደግሞ ቆዳ የሚያለፋው ያውቀዋል።

እንሶስላን እንውሰድ። በደጋ ወንዝ ዳር በጥላ ስፍራ የሚበቅል፥ አበባው ነጭና ውብ የሆነ ተክል ነው። ሴቶች ሥሩን ቆፍረው ይወቅጡትና እጃቸውንና እግራቸውን ይቀቡታል፤ በጨርቅም ተጠቅልሎ ሲያድር ቀይ ሆኖ ይነጋል፤ ስንት ጊዜ ቢታጠቡትም ቶሎ አይለቅም። የተክል ሊቃውንት ያወጡለት የላቲን ስም እንኳ «ማቅለሚያ» የሚል ቃል አለበት። በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ደግሞ ይህንኑ ሥራ ሒና ይሠራዋል። የሰውን ቆዳ እንዲህ የሚይዝ ቀለም የበግ ጠጉርን ይይዛል ብሎ የሚሞክር ስንት ሰው አለ?

ቀንጠፋም አለ። ይህ እሾሃም ሐረግ መንገደኛውን ሁሉ የሚይዝ፥ ልብስ የሚቀድድ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሥዕሉን አስሎ ጽፎበታል፤ ንጉሡ ከመዝመቱ በፊት ቀንጠፋው በየመንገዱ እንዲቆረጥ ዐዋጅ ይነገር እንደ ነበረም ያትታል። ታዲያ በዐዋጅ የተወገዘው ይህ እሾህ ቆዳ አልፊዎች ቆዳውን የሚያለፉበትና የሚያቀሉበት መልካም ተክል ነው። እንዲህ ያለ ጠላት ለሠራተኛው ወዳጅ መሆኑ ያስቃል።

ስፌት የሚሰፉት ሴቶችም አክርማውን ቀለም አግብተው አለላ ያደርጉታል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን እኛም ጥላሸትና ሙጫ እየበጠበጥን ቀለም ስናዘጋጅ እጃችን እስከ ክርናችን ይጠቁር ነበር፤ በቁርኣን ቤት የተማሩ የወሎ ጓደኞቻችንም ለሉሓቸው ቀለሙን ራሳቸው ይሠሩት እንደ ነበረ ይነግሩናል።

ከሁሉ በላይ ያስቆጨን ግን ሱፍ ነው፤ የበግ ጠጉሩን ሱፍ ማለታችን አይደለም፥ በጾም የምንጠጣውን ነው እንጂ። ሀገራችን የሱፍ ዘር ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ገበሬው ፍሬውን ይሰበስባል፤ አበባው ግን እዚያው ረግፎ ይቀራል። የጥንት ግብጻውያን በዚሁ አበባ ጨርቅ ነክረዋል፤ ጃፓናውያን እስከ ዛሬ ሐር ያቀሉበታል። አሠራሩም ረቂቅ ነው፤ የአበባው ቅጠል በቀዝቃዛ ውሃ ተደጋግሞ ሲታጠብ መጀመሪያ ቢጫው ይወጣል፤ ቢጫው ካለቀ በኋላ በአመድ ውሃ ሲዘፈዘፍ የተደበቀው ቀይ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ሎሚ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ሲጨመርበት ቀዩ በጨርቁ ላይ ያርፋል። ጥጥን ያለ ሌላ መያዣ የሚይዝ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ እንደሚያደክመው መደበቅ አይገባም። የሀገር የሆነ ሁሉ ጽኑ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም።

ደግሞም የጥንቱ ቀለም ሁሉ የሀገር ነበረ ማለት ከእውነት መራቅ ነው። የጥጥ ሸማችን መሠረቱ ነጭ ነው፤ ለጥለቱ የሚሆነው ቀይና ሰማያዊ ክር ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ በመጣ ጨርቅ ይገኝ ነበር፤ ጨርቁን ተርትረው ክሩን መልሰው ይሠሩበት ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰደው ሀብት መካከል ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ፤ የሽመናው ጥበብ የሀገራችን ሰው ነው፤ ሐሩ ግን ከቻይና የመጣ ነው። አባቶቻችን መልካም ነገር ከውጭ መቀበልን አልናቁም። የሚያሳዝነው ከውጭ የመጣውን መቀበላቸው ሳይሆን፥ በጓዳ ያለውን ዕውቀት የጻፈልን ሰው መታጣቱ ነው።

ሰማያዊውን ብንጠይቅ እንኳ በአገራችን ዱር ኢንዲጎፌራ አሬክታ የሚባል፥ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበት ቁጥቋጦ ይበቅላል። ይህ ዓይነት ከአፍሪካ ተወስዶ ባለፈው ክፍለ ዘመን በፊት በነበረው ዘመን በጃቫ ደሴት በታላቅ እርሻ ተተክሎ ብዙ ባለጸጎችን አበልጽጓል፤ በእኛ ዘንድ ግን የፍየል መኖ ነው።

ዱቄቱ እንዴት ዓለምን እንደ ያዘም በአጭሩ እንናገር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የወባ መድኃኒት ለማውጣት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙ ሁሉ በየተራ በፋብሪካ ይሠራ ጀመር፤ በ1897 የጀርመን ፋብሪካ ሰማያዊውን ለገበያ ባወጣ ጊዜ የሕንድ የኢንዲጎ እርሻ ወደቀ። ዱቄቱ ርካሽ ነው፥ ደማቅ ነው፥ ሥር ቆፍሮ ወቅጦ ማደር የለበትም። ስለዚህ አክስታችን «ማን ይደክማል?» ማለታቸው ልክ ነው። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተከፈተ፤ ኋላም በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመ፤ ለሕዝቡም መልካም ጥቅም ሰጡ። በእጅ የተሠራ ባና በዋጋ ሊወዳደራቸው አይችልም።

ነገር ግን ዕውቀቱን ያጠፋው ዋጋ ብቻ ነው አንልም። ሸማኔና ፋቂ ተብሎ መሰደብ ያለበትን ሥራ ማን ልጁን ያስተምራል? ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ስድቡ ግን በአንዳንድ ስፍራ እስከ ዛሬ ከአፍ አልወጣም። ያነጋገርናቸው ሸማኔም አራት ወንዶች ልጆች ሳሏቸው አንዱም በመወርወሪያው አልተቀመጠም።

አሁን ወደ መቅመቆአችን እንመለስ። አክስታችን፥ የልጅ ልጃቸውና እኛ ሆነን በነሐሴ ወር አንድ ሳምንት የዕረፍት ፈቃድ ወስደን ሞከርን። በመጀመሪያው ቀን ሥሩን ወቅጠን ቀቀልነው፤ ውሃው እንደ ጠጅ ቢጫ ሆነ። አክስታችን እናታቸው አመድ ይጨምሩበት እንደ ነበረ አስታወሱና አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ ብንጨምርበት ውሃው ወዲያው ደም መሰለ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ፈትሉን ነክረን እያፈላነው አደርን። ሲነጋ ቀለሙ መልካም ነበረ፤ ክሩ ግን ደርቆ እንደ ገለባ ይሰበር ጀመር።

ምክንያቱን ለማወቅ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት የሚያስተምሩ አንድ ወዳጃችንን ጠየቅን። የበግ ጠጉር እንደ ሰው ጠጉር ነው፤ ብርቱ የአመድ ውሃ፥ ይልቁንም በሙቀት ጊዜ፥ ይበላዋል፤ ጥጥ ግን የተክል ዘር ስለ ሆነ ይችለዋል አሉን። ቀለሙን ለጠጉር የሚያስይዘው ሸብ እንደ ሆነም ነገሩን። አክስታችን ይህን በሰሙ ጊዜ ጭናቸውን መትተው፥ «ሸብ! እናቴ በጨርቅ ቋጥራ የምታስቀምጠው ሸብ ለካ ለዚህ ኖሯል!» አሉ። ሰባ ዓመት ሙሉ ቋጠሮውን ሲያስታውሱ ጥቅሙን አያውቁም ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ ፈትሉን አስቀድመን በሸብ ውሃ አሙቀን አሳደርነው፤ አመዱን ፈጽመን ተውነው። ክሩ ለስላሳ ሆኖ ወጣ፤ ቀለሙ ግን የቡና አተላ መሰለ። እኛ በቃን ልንል ነበር፤ የልጅ ልጃቸው፥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፥ «አመዱን መጨረሻ ላይ፥ ውሃው ለብ ሲል፥ ጥቂት ብናደርገውስ?» አለች። እንዳለችው ብናደርግ ሦስተኛው ሙከራ የሸክላ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ክሩም አልተጎዳም። ልጅቱ በደብተሯ የጻፈችውን ልኬት እንዲህ ገልብጠነዋል፤ ለግማሽ ኪሎ የታጠበ ፈትል ግማሽ የቡና ስኒ ሸብ፥ በልኩ የሚመዘን የደረቀ መቅመቆ፤ ሸቡ በለስላሳ እሳት ተሙቆ ክሩ በውስጡ ያድራል፤ መቅመቆው ተቀቅሎ ከተጠለለ በኋላ ክሩ ገብቶ ሳይፈላ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ከወረደና ለብ ካለ በኋላ ከጠለለ የአመድ ውሃ ሁለት ማንኪያ ብቻ ይጨመርበታል፤ ቀዩ እንደ ታየ ወዲያው ይታጠባል። የተነከረበት ውሃ በቅቤ ማንጠሪያው ድስት እንዳይደረግ እንመክራለን፤ እኛ አድርገን ተቈጥተውናል።

ይህ ልኬት በአንዲት የገራዶ ልጅ ደብተር ከመጻፉ በፊት በምን ነበረ? በአንዲት አሮጊት ሴት ትዝታ ነበረ፤ ያውም በግማሽ። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ስንኖር እውነት ያለው ሰው ሰነድ በማጣቱ ተረትቶ ሲመለስ ዘወትር እናያለንና ነገሩ ያሳስበናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ዐዋጅ ቁጥር 209 በእጅ የማይዳሰሰውን ቅርስ ሲተረጕም የሰርግና የልቅሶን ሥርዓት፥ ሙዚቃንና ሥነ ጽሑፍን በስም ይጠራል፤ ቀለም መቀቀል ግን በስም አልተጠራም፤ ያለው «ተመሳሳይ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት ይጠብቃል፤ «አርካቦት» በሚለው ቃል ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፥ ሀብቱን ማግኘት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ለምን እንደሚያስፈልግ ከጤፋችን ተምረናል፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አግኝቶ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው። ስለ መቅመቆና ስለ እንሶስላ እንዲህ ያለ ክርክር ቢነሣ ምን ሰነድ እናቀርባለን?

በስኮትላንድ ምዕራብ ባሉ ደሴቶች የሚሠራ ሃሪስ ትዊድ የሚባል የበግ ጠጉር ጨርቅ አለ። ዱሮ ገበሬዎቹ ከድንጋይ ላይ በሚፍቁት ሽበት ቡናማ ያደርጉት ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 የእንግሊዝ ምክር ቤት ስለ ጨርቁ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣ፤ በሕጉም መሠረት በዚያው ደሴት ያልተፈተለና ያልተነከረ፥ ነዋሪውም በገዛ ቤቱ በእጅ ያልሠራው ጨርቅ በዚያ ስም አይሸጥም። ገራዶና ደጋው ከዚያ ደሴት በምን ያንሳሉ? በጉ አለ፤ ብርዱ አለ፤ ሸማኔውም ገና በሕይወት አለ። የደሴና የኮምቦልቻ ባለሥልጣኖች በየትምህርት ቤቱ ግቢ ጥቂት መደብ መቅመቆና እንሶስላ ቢያስተክሉ፥ ልጆቹም ከየአያቶቻቸው ጠይቀው ልኬቱን እንዲጽፉ ቢያደርጉ፥ ወጪው የአንድ ግብዣ ያህል እንኳ አይሆንም። ሁሉን ከዱር መቆፈር ብቻ ከሆነ ግን ሥሩ የሚፈለግ ተክል ቶሎ ያልቃልና መትከሉ መቅደም አለበት።

ባናው በጥቅምት ወር አልቆ መጣ። ሸማኔው ቀዩን ክር በጣታቸው እያሹ፥ ከምራቃቸውም እያስነኩ ከመረመሩት በኋላ ነው የሠሩት። ወደ እናታችን ይዘነው በሄድን ጊዜ በመስኮቱ ብርሃን ዘርግተው መስመሮቹን ቆጠሩ፤ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት መሆናቸውን አረጋገጡ። ቀጥለውም፥ «ቀዩ ደከም ብሏል፤ የእኔ ደመቅ ያለ ነበር። መቅመቆውን ከመስከረም በፊት ቆፍራችሁት ይሆናል፤ ዝናሙ ሳይወጣለት ሥሩ ውሃ ነው» አሉን። ይህን እኛም አክስታችንም አናውቅም ነበር። ለልጅቱ በደብተሯ እንድትጨምረው በዚያው ቀን ስልክ ደወልንላት፤ ከስልኩ ስንመለስ እናታችን ባናውን እስከ ጆሮአቸው ስበው ተኝተው ነበር።